ርክክብ

ንብረት ክፍል ነኝ እኔ፤ ቁልፍ ነው እንጀራዬ፣
ከሞዴል አሥራ ዘጠኝ አያልፍም ወሬዬ።
ንግግሩ ለሌላው፤ አርብ አዳራሹ ይሞላል፣
ኬኩም ይቆረሳል፣ ጋቢም ይደረባል፤
ከዚያ በፊት ግና፣ ሰኞ ጠዋት ቀድመው፣
ሁለት ሰዎች መጡ፣ መስኮቴ ላይ ቆመው፦
ሙንተሃ አባ ጊሳ፣ ዱባለ ወዳጆ፣
በእጃቸው አንጠልጥለው የሠላሳ ዓመት ጎጆ።

የእሷ የክትባት ሳጥን፣ ክዳኑ የላላ፣
ማንገቻው ተበጥሶ በሲባጎ የተተካ።
ዕድሜውን ብጠይቅ ትከሻዋን ነካች፤
ማንገቻው የሠራት ስርጉድ ቦታ አለች።
«ያረጀ፣ የሚወገድ» ልል ነበር በጽሑፍ፣
እስኪርቢቶው ደርቆ ቆመ ከፎርሙ ጫፍ።

በዚህ ሳጥን ነበር፣ ሐምሌ ሲከፋባት፣
አዌቱ ደፍርሶ ድልድይ ሲወስድባት፣
ጭንቅላቷ ላይ ጭና፣ ጫማዋን ባንገቷ፣
የተሻገረችው፣ ውኃው እስከ ደረቷ።
ማዶ አሥራ አንድ ሕፃን በእናት ጀርባ ታዝሏል፤
ወንዝ እስኪጎድል ብትቆም በረዶው ይቀልጣል።

ዱባለ ያመጣው ጥቅልል ሜትር ነበረ፣
እስከ ሠላሳ ድረስ ቁጥሩ የተሰወረ።
ከውኃ ጉድጓድ አንሥቶ እስከ ሽንት ቤት ድረስ
ሲለካ ነው የኖረው፣ ሲሳቅበት፣ ሲወቀስ።
ሒርማታ ገበያ፣ ከሥጋ ቤቱ በር፣
«የዝንብ ፖሊስ መጣ!» ይሉት ነበር።
«ስድብ መች ይጋባል?» ይላል እየሳቀ፣
«የሚጋባው ተቅማጥ!» — መንገዱን ዘለቀ።

ያ የአተት ክረምት… ቦዬ ምንጭ ዳር ከርሞ፣
ክሎሪን በማንኪያ ሲሰፍር፣ ሌሊት ቆሞ፣
ያን እሑድ ነበረ የታናሽ ልጁ ሠርግ፤
ሚዜዎች ሲፈልጉት፣ እሱ ምንጭ ሲጠርግ።
ማታ በቦቲ ጫማው ደርሶ ቢያቅፋት፣
የቬሎዋን ሽቶ ክሎሪን አጠፋባት።
ዛሬም ፎቶው አለ። ሙሽራዋ ስቃለች፣
አፍንጫዋን ግን በሁለት ጣት ይዛለች።

ይሄ ሁሉ ይሁን። አንድ አለ ያቃተኝ፣
ከፎርሙ ውስጥ ዓምዱን ፈልጌ ያጣሁኝ፦
ያልሆነን ነገር
የት ነው የምመዘግበው?
ሌሊት ያልተነፋ የእድር ጥሩምባ፣
ያልተተከለ ድንኳን፣ ያልፈሰሰ እንባ፣
መለኪያው ምንድን ነው? በኪሎ? በደርዘን?
የአንዱ ዋጋ ስንት? በምንስ እንመዝን?
የዳነ ያመሰግናል፤ ሕመሙን ያውቃል፤
ያልታመመስ ማንን፣ ስለምን ያመሰግናል?

ከአሥራ አንዱ አንደኛው ባጃጅ ይዞ ይሆናል፣
ከአጂፕ መርካቶ ሰው ያመላልሳል።
ምናልባት ትናንት ማታ እሷኑ አሳፍሮ፣
«ዝርዝር የለኝም» ብሎ በመልስ ተማርሮ፣
ተነጫንጨው ይሆናል፣ እሷም ወርዳ ሄዳ።
ክንዱ ላይ ጠባሳው የሽምብራ ያህላል፤
ፊርማዋ መሆኑን ማን ነግሮት ያውቃል?

«ፈርሙ» አልኳቸው። ሙንተሃ ፈረመች፤
ሳጥኑን በመዳፏ ቸብ ቸብ አደረገች፣
ሕፃን እንደሚያስተኛ። ዞራም አላየችው።
ዱባለ ግን ሜትሩን አልለቅ ብሎ ያዘ፤
«ኮቺ አንድ ጉድጓድ አለ» አለ እየተከዘ፣
«አዲስ ሲቆፍሩ አይቼ ነው ትናንት፤
በዓይኔ ለካሁት፣ ሠላሳ አይሞላም በውነት።
ነገ ጠዋት ብቻ… ለግማሽ ሰዓት።»

ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ መስኮት ቆሜ
ሚስማር ያለ ፊርማ አልወጣም በስሜ።
ዛሬ ግን ደብተሩን በክንዴ ከልዬ፣
«ውሰደው» አልኩትና፣ «ማንም አይስማ» ብዬ፣
በምርመራው ዓምድ ላይ ጻፍኩ በቀይ ቀለም፦
«ጥቅልል ሜትር፣ አንድ። ገቢ አልሆነም።»